ያውቁ ኖሯል? ቀመር ያልደረሰበትን መንገድ ጭረቶች ሲያሳዩን

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኤክስ ወደ ቀኝ፣ ዋይ ወደ ላይ የምንቆጥራቸው መጠኖች ናቸው።)

ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን መልሱ ቁጥር ሳይሆን ኩርባ የሆነ ጥያቄ ነው። እዚህ በምናያቸው ውስጥ የሚሰጠን መረጃ አንድ ብቻ ነው፦ በያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚያልፈው ኩርባ ምን ያህል ሽቅብ ወይም ቁልቁል እንደሚያዘነብል። ይህን ዝንባሌ ተማሪዎች ስሎፕ ይሉታል። ስሎፕ 2 ማለት አንድ ወደ ቀኝ ሲሄዱ ሁለት ወደ ላይ መውጣት ነው። ስሎፕ −1 አንድ ወደ ቀኝ ሄዶ አንድ መውረድ፣ ስሎፕ 0 ደግሞ ሳይወጡ ሳይወርዱ መጓዝ ነው።

ኢኩዌሽኑ ሳይፈታ የመልሱን መልክ ማየት እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? ግራፍ ወረቀት ላይ ነጥቦች ይምረጡ። በየነጥቡ ኢኩዌሽኑ የሚያዘውን ስሎፕ ያስሉና በዚያው ልክ ያዘነበለች አጭር ጭረት ያስምሩ። ወረቀቱ ሲሞላ ሥዕሉ ስሎፕ ፊልድ ይባላል፤ የስሎፕ መስክ ልንለውም እንችላለን። ለምሳሌ "ስሎፕ = ኤክስ − ዋይ" የምትለውን እንውሰድ። (0፣ 0) ላይ ስሎፑ 0 ስለሆነ ጭረቷ ትጋደማለች። (2፣ 0) ላይ 2 ነው፤ ሽቅብ ታንጋጥጣለች። (0፣ 1) ላይ −1 ነው፤ ቁልቁል ታዘነብላለች። (3፣ 3) ላይ እንደገና 0። ከመቀነስ ያለፈ ስሌት አላስፈለገንም፤ አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል።

በዚሁ ወረቀት ላይ (1፣ 0)፣ (2፣ 1) እና (3፣ 2) ላይ ያሉት ጭረቶች ስሎፓቸው 1 ነው። ነጥቦቹን የሚያገናኘው ቀጥተኛ መስመርም ስሎፑ 1 ነው። ስለዚህ ጭረቶቹ ጫፍ ለጫፍ ገጥመዋል፤ መስመሩ ራሱ አንድ መፍትሔ ነው ማለት ነው። ከበላዩ የሚነሡ ኩርባዎች ስሎፓቸው ከ1 ያንሳል፣ ከበታቹ የሚነሡት ከ1 ይበልጣል። ሁሉም ወደ ቀኝ በሄዱ ቁጥር ወደ እሱ ይጠጋሉ። አንዲት ቀመር ሳንጽፍ የመፍትሔዎቹን ሁሉ መጨረሻ አወቅን።

የጭረቷ ርዝመት ትርጉም የለውም። የምትናገረው በዘንበልታዋ ብቻ ነው።

ማግኔት ላይ ወረቀት አድርገው የብረት ብናኝ ቢነሰንሱበት የሚያገኙት ሥዕል በተፈጥሮ የተሠራ የስሎፕ መስክ ነው። እያንዳንዷ የብረት ቅንጣት ባለችበት ቦታ ያለውን የመስኩን አቅጣጫ ይዛ ትጋደማለች፤ ቀስት የላትም፣ ወዲህ ወይም ወዲያ አትልም። ዓይናችን ግን ወዲያው ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው የሚዞሩትን ኩርባዎች ያያል። ማይክል ፋራዴይ እንዲህ ያሉ ሥዕሎችን ወረቀት ላይ አጣብቆ ያስቀምጥ ነበር። በሒሳብ እምብዛም ያልተማረው ይህ ሰው የመስክን ሐሳብ ለፊዚክስ ያበረከተው በማየት ነው።

በ1686 ኤድመንድ ሃሌይ የውቅያኖስ ነፋሳትን ካርታ አሳተመ። በካርታው ላይ ነፋሱን ያመለከተው በአጫጭር ጭረቶች ነው፤ የጭረቷ ሹል ጫፍ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ያሳያል። በህንድ ውቅያኖስ ላይ ችግር ገጠመው፤ ሞንሱን በየመንፈቁ አቅጣጫውን ይገለብጣል። ስለዚህ እዚያ የጭረቶቹን ረድፎች አንዱን ወዲህ፣ ቀጣዩን ወዲያ አድርጎ ሣላቸው። ዛሬ በኮመቷ ስም የምናውቀው ሰው ከቀደምቶቹ የአየር ሁኔታ ካርታዎች አንዱን የሠራው በጭረት መሆኑ ያስደስተኛል።

ኩርባን ከዝንባሌው የመፈለግ ጥያቄ ራሱ ከካልኩለስ ይቀድማል። በ1630ዎቹ መጨረሻ ፈረንሳዊው ፍሎሪሞን ደ ቦን የታንጀንቱ (ኩርባውን ነክቶ የሚያልፈው መስመር) ጠባይ የተሰጠበትን ኩርባ ራሱን ፈልጉልኝ ብሎ ጠየቀ። ዴካርት ታገለው። ላይብኒትዝ በ1684 ካልኩለሱን ለዓለም ባስተዋወቀበት ጽሑፍ መጨረሻ ላይ መልሱን አስቀመጠ።

ነጥብ በነጥብ ከማስላት የሚያቃልል ዘዴ እንዳለስ ያውቁ ኖሯል? ዮሐን በርኑሊ በ1694 ያሳተመው ዘዴ ነገሩን ገልብጦ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ስሎፑን ይምረጡ፣ ከዚያ ያ ስሎፕ የሚገኝባቸውን ነጥቦች ሁሉ ይፈልጉ። ለ"ኤክስ − ዋይ" ስሎፕ 0 የሚሆነው ዋይ ከኤክስ ጋር እኩል በሆነበት መስመር ላይ ነው፤ ስሎፕ 2 የሚሆነው ከዚያ ሁለት ዝቅ ባለው መስመር ላይ ነው። በየመስመሩ ላይ አንድ ዓይነት ጭረቶችን መደርደር ነው። እነዚህ መስመሮች አይሶክላይን ይባላሉ። የአየር ሁኔታ ተንታኞችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የነፋስን ፍሰት በካርታ ላይ በእጅ ሲሥሉ ይህንኑ ዘዴ ተጠቅመዋል።

ስሎፑ በኤክስ ብቻ የሚወሰን ከሆነ ጭረቶቹ በየዓምዱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ናቸው። በዋይ ብቻ የሚወሰን ከሆነ በየረድፉ ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ዓይነት ናቸው። ፈተና ላይ "ይህ መስክ የየትኛው ኢኩዌሽን ነው?" ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር። "ስሎፕ = ኤክስ ስኩዌር + ዋይ ስኩዌር" የምትለው ኢኩዌሽን ምንም የማታስቸግር ትመስላለች። ያኮብ በርኑሊ የዮሐን ታላቅ ወንድም ነው፤ ይህችን ኢኩዌሽን ለላይብኒትዝ በጻፈው ደብዳቤ አንሥቷታል። መላው አውሮፓ ለአንድ መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ቀመሯን ሲፈልግ ኖረ። በ1841 ዦዜፍ ሊውቪል በለመድናቸው ፈንክሽኖችና በኢንቴግራላቸው ልትጻፍ እንደማትችል አረጋገጠ። ፈላጊዎቹ ሰንፈው አይደለም፤ የሚፈለገው ነገር አልነበረም። የስሎፕ መስኳን ግን በግራፍ ወረቀት ላይ መሣል ይቻላል። መስኩ አንድ አስደንጋጭ ነገርም ይናገራል። ከ(0፣ 0) የሚነሣው ኩርባ መጀመሪያ በዝግታ ይወጣል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ስሎፑ ይጨምራል፣ ስሎፑ በጨመረ ቁጥር ከፍ ይላል። ኤክስ 2ን አለፍ እንዳለ፣ 2.003 አካባቢ፣ ወሰን ወደሌለው ከፍታ ተተኩሶ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ መፍትሔው የለም።

በስታትስቲክስ የምናውቀው የደወል ቅርጽ ያለው ኩርባ እስከ አንድ ነጥብ ድረስ የሚሸፍነውን ስፋት የሚሰጥ ተራ ቀመርም የለም። በየመጽሐፉ ጀርባ የምናየው ሰንጠረዥ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

አይዛክ ኒውተን የመቀዝቀዝን ሕግ በ1701 ያሳተመው ስሙን ሳይጽፍ ነው። ሕጉ የሚለው የሚቀዘቅዝ ነገር ሙቀቱን የሚያጣበት ፍጥነት ከአካባቢው ሙቀት ጋር ባለው ልዩነት ልክ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ወደ 2,350 ሜትር ስለሚደርስ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ የሚጀምር ቡና 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ እንበል፤ የልዩነቱን 5 በመቶ በየደቂቃው የሚያጣ ከሆነ (ወደ ቀኝ ደቂቃ፣ ወደ ላይ ዲግሪ ስንቆጥር) በ92 ላይ ስሎፑ −3.6፣ በ56 ላይ −1.8፣ በ20 ላይ 0 ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ 10 ዲግሪ ላይ ያለ ቡና ደግሞ ስሎፑ +0.5 ነው። የ20 ዲግሪው ረድፍ ተጋድሞ፣ ከላይ ያሉት ጭረቶች ወደ ታች፣ ከታች ያሉት ወደ ላይ እያዩ ይሰለፋሉ።

ታዲያ በዚሁ መስክ ውስጥ 90 ዲግሪ ላይ ያለ ቡና 70 ዲግሪ ላይ ካለው ቀድሞ ሊቀዘቅዝ ይችላል? አይችልም። ለመቅደም ሁለቱ ኩርባዎች አንድ ቦታ መቆራረጥ አለባቸው፤ በተቆራረጡበት ነጥብ ላይ ደግሞ ያለችው ጭረት አንዲት ብቻ ናት። ይህን በጥንቃቄ ያረጋገጡት ኮሺ በ1820ዎቹ፣ ሊፕሺትስ በ1876፣ ፒካር በ1890 ነው፤ ስሎፑ ጠባዩ የተስተካከለ ከሆነ በያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ኩርባ ብቻ ያልፋል።

"ጠባዩ የተስተካከለ ከሆነ" የምትለዋ ቃል ግን ለጌጥ አልገባችም። ጁሴፔ ፔያኖ በ1890 እንዳሳየው የስሎፑ ዋጋ ሳይዘል መለዋወጡ መፍትሔ መኖሩን ያረጋግጣል፤ ብቸኛ መሆኑን ግን አያረጋግጥም። ምሳሌው ቅርብ ነው። ከታቹ የተቀደደ ባልዲ ውኃው እየቀነሰ ሲሄድ የሚፈስበት ፍጥነት ከውኃው ከፍታ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል፤ ይህ የቶሪቼሊ ሕግ ነው። አሁን ባዶውን ባልዲ ይመልከቱ። መቼ ነበር ሞልቶ የነበረው? ከአንድ ሰዓት በፊት ወይስ ትናንት? ባዶው ባልዲ አይነግርዎትም። ብዙ የተለያዩ ኩርባዎች ወርደው ባዶ በሚለው መስመር ላይ ተቀላቅለዋል። የስሎፕ መስኩን ቢሥሉ ጭረቶቹ ይህን መቀላቀል አያሳዩም፤ ሥዕሉ የሚያታልለው እዚህ ቦታ ላይ ነው፤ ማረጋገጫም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ቤልጂየማዊው ፒየር ፍራንሷ ቬርሁልስት በ1838 የሕዝብ ብዛትን "ዋይ ሲባዛ በ(1 − ዋይ)" በሚል ስሎፕ ገለጸ፤ 1 ሊደረስበት የሚችለው ከፍተኛ ብዛት ነው። በ0 እና በ1 ላይ ጭረቶቹ ይጋደማሉ፣ በግማሹ ላይ ከሁሉም ይበልጥ ሽቅብ ያንጋጥጣሉ። ኤስ የሚመስለው የእድገት ኩርባ የሚታየው ከዚያ ነው።

ኮምፒዩተሮች ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን የሚፈቱት ጭረት በመከተል እንደሆነስ ያውቁ ኖሯል? ሊዮናርድ ኦይለር በ1768 ባሳተመው መጽሐፍ ዘዴውን አስቀመጠ፤ ያን ጊዜ ዓይኖቹ ከሞላ ጎደል ጠፍተው ነበር። ባሉበት ነጥብ ያለችውን ጭረት አይተው በዚያው አቅጣጫ ትንሽ ይራመዱ፣ የደረሱበትን ጭረት ደግሞ አይተው እንደገና ይራመዱ። ስሎፑ ከዋይ ጋር እኩል የሆነበትን መስክ ይውሰዱ፤ ከ(0፣ 1) ተነሥተው ኤክስ 1 ላይ ሲደርሱ ትክክለኛው ከፍታ 2.718 ነው። በአንድ ትልቅ እርምጃ 2 ያገኛሉ። በሁለት እርምጃ 2.25፣ በ10 እርምጃ 2.594፣ በ100 እርምጃ 2.705።

በ2016 የወጣው "ሂድን ፊገርስ" ፊልም ላይ የሒሳብ ሊቋ ካትሪን ጆንሰን የጠፈርተኛውን መመለሻ መንገድ ለማስላት የምትጠቀመው ይህንኑ የኦይለር ዘዴ ነው። ጠፈርተኛው ጆን ግሌን ምድርን የዞረው በፌብሩዋሪ 20 ቀን 1962 ነው፤ ከመነሣቱ በፊት የኮምፒዩተሩን ስሌት ጆንሰን በእጅ እንድታረጋግጥለት መጠየቁ የታወቀ ታሪክ ነው።

ረጅም እርምጃ አደገኛ ነው። ስሎፑ "−10 ሲባዛ በዋይ" የሆነ ኩርባ በፍጥነት ወደ 0 ይወርዳል። በ0.3 እርምጃ በኦይለር ዘዴ ቢከተሉት ግን ከ1 ተነሥቶ −2፣ 4፣ −8፣ 16 እያለ ይፈነዳል። ወደ ዜሮ የሚሄድ ነገር ወደ ሰማይ የሚወጣ ይመስላል። በስሌት የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ መጀመሪያ መፍራት ያለበት ይህንን ነው።

ካርል ሩንገ በ1895፣ ማርቲን ኩታ በ1901 ዘዴውን አሻሻሉት። አንድ እርምጃ ከመራመድ በፊት አራት ጭረቶችን አይቶ ክብደት የተሰጠው አማካይ መውሰድ ነው። ከላይ ባነሣነው መስክ ኦይለር በአንድ እርምጃ 2 ሲል፣ ይህ ዘዴ በአንድ እርምጃ 2.708 ይላል። አራት ጊዜ ብቻ አይቶ፣ ኦይለር በ100 እርምጃ ካገኘው ይበልጣል!

በጽሑፍ ታዝዞ ሥዕል የሚሠራው ስቴብል ዲፊውዥን የተባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ማውጫ ላይ "ኦይለር" የሚል ምርጫ አለ። ፕሮግራሙ ትርጉም ከሌለው ዝብርቅርቅ ተነሥቶ፣ የተማረውን መስክ እርምጃ በእርምጃ እየተከተለ ወደ ሥዕል ይደርሳል። ከ250 ዓመት በፊት የተጻፈው ዘዴ ዛሬ በብዙ ሰዎች ስልክና ኮምፒዩተር ውስጥ ይሠራል።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኡምቤርቶ ዳንኮና የተባለ ጣሊያናዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ የአድሪያቲክ ባሕር የዓሣ ገበያዎችን መዝገብ ሲመረምር እንግዳ ነገር አየ። ዓሣ ማስገር በቀነሰባቸው የጦርነት ዓመታት ሻርክን የመሰሉ አዳኝ ዓሦች ድርሻ ጨምሯል። አማቹን የሒሳብ ሊቁን ቪቶ ቮልቴራን ጠየቀ። ቮልቴራ በ1926 መልሱን አሳተመ። ተበዪዎቹን በአንድ አክሲስ፣ አዳኞቹን በሌላው ላይ ቢያደርጓቸው መስኩ በአንድ መሐል ነጥብ ዙሪያ ይዞራል፤ ማስገር ሲቀንስ ያ መሐል ነጥብ አዳኞች ወደሚበዙበትና ተበዪዎች ወደሚያንሱበት ይዛወራል። አልፍሬድ ሎትካ ያንኑ ኢኩዌሽን ቀደም ብሎ ለብቻው ጽፎት ነበር።

በ1881 አንሪ ፑዋንካሬ ቀመር መፈለጉን ትቶ የመስኩን አጠቃላይ መልክ ማጥናት ጀመረ። ጭረቶቹ አቅጣጫ በሚያጡበት ነጥብ ዙሪያ ኩርባዎች የሚይዙትን ቅርጽ ለየ፦ ወደ ነጥቡ በቀጥታ የሚገቡ፣ እየተጠመዘዙ የሚገቡ፣ ዙሪያውን የሚዞሩ፣ ቀርበው የሚሸሹ። ለእኔ በዚህ መስክ ታሪክ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ጥያቄውን ከ"ቀመሩ ምንድን ነው?" ወደ "መጨረሻው ምን ይሆናል?" ለወጠው።

ሉልን በሙሉ በጭረት መሸፈን፣ አንድም ቦታ ሳይደናገር፣ አይቻልም። ፑዋንካሬ በ1885 የጀመረውን ብራውወር በ1912 አስፋፋው። ስለዚህ በምድር ላይ በማንኛውም ቅጽበት አግዳሚ ነፋስ ጨርሶ የማይነፍስበት ቢያንስ አንድ ነጥብ አለ።

ዳቪድ ሂልበርት በ1900 ካቀረባቸው 23 ጥያቄዎች 16ኛው ከዚሁ መስክ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያሎች በተሠራ መስክ ውስጥ ሌሎች ኩርባዎች የሚጠመጠሙባቸው የተዘጉ ቀለበቶች ቢበዛ ስንት ሊሆኑ ይችላሉ? በ1950ዎቹ ሁለት የሶቪየት ሊቃውንት 3 መሆኑን አረጋገጥን አሉ። ማረጋገጫው ስሕተት ተገኘበት፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ቻይናውያን የሒሳብ ሊቃውንት ባለ 4 ቀለበት ምሳሌ አቀረቡ። ከፍተኛው ቁጥር እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችን ስሎፕ ፊልድን በሃይስኩል የኤፒ ካልኩለስ ትምህርት ያገኙታል፤ በእጅ ጭረት መሣልም በፈተና ይጠየቃሉ። አገር ቤት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንን የሚያገኘው በአፕላይድ ማቲማቲክስ ኮርሶች ነው። መምህራንን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ሴፓረብል፣ ኤግዛክት፣ ኢንቴግሬቲንግ ፋክተር እያሉ የመፍቻ ዘዴዎችን ከመደርደር በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለጭረት ይስጡ። ዘዴዎቹ የሚሠሩት ለጥቂት ኢኩዌሽኖች ነው፤ ጭረቱ ግን ስሎፑን በቀጥታ ለሚሰጡት ሁሉ። ዘዴ ብቻ የተማረ ተማሪ ቀመር የሌለው ጥያቄ ሲገጥመው እጁ ይታሰራል፤ ኢንተርኔት ከሌለም ሥዕሉ ግራፍ ወረቀትና እርሳስ እንጂ ሌላ አይጠይቅም።

እርስዎም "ስሎፕ = ዋይ ስኩዌር − ኤክስ" የምትለውን ይሞክሩ። ኤክስን ከ0 እስከ 4፣ ዋይን ከ−3 እስከ 3 ይውሰዱ። ከታች በኩል ኩርባዎች እየተሰበሰቡ ሲወርዱ፣ ከላይ በኩል ወደ ሰማይ ሲተኮሱ ያያሉ። በሁለቱ መካከል የሚያልፍ አንድ ብቸኛ ኩርባ አለ፤ ኤክስ 0 ላይ ከፍታው 0.729 ገደማ ነው። ቁጥሩ የሚወጣው ጆርጅ ኤሪ በ1838 በቀስተ ደመና ጫፍ ያለውን የብርሃን ጥንካሬ ሲያጠና ከደረሰበት ፈንክሽን ነው። በእርሳስዎ አንድ ጊዜ ከ0.6፣ አንድ ጊዜ ከ0.9 ተነሥተው ጭረቶቹን ይከተሉ፤ የመጀመሪያው ወደ ታች ይወርዳል፣ ሁለተኛው ወደ ላይ ይጠፋል።